ከሜትሩ ላይ ቅናሽ

ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤቴ ከደብረ ሲና የተነሣሁ፣
ለአንድ ጥቅል ጥቁር ክር ጣርማ በርን የወጣሁ።
የእማማ በለጥሻቸው የከል ቀሚሳቸው
ዘርፉ ሳይቀመቀም ደረሰ ቀናቸው፤
ነገ የጋሽ ወንዳፍራሽ አርባ፣ ድንኳኑ ይተከላል፣
የኔ ማሽን ግን ክሩን ጨርሶ ባዶውን ይሾራል።
መርፌዬ ላይ የቀረችው፣ ኮሌታዬ ሥር የሰካኋት፣
አንድ ክንድ ጥቁር ክር ናት፣ ለክፉ ቀን ያልኳት።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ያው ነው፣ ጆሮ እንደ መቀስ ይቆርጣል፤
ከመናኸሪያው ጀርባ አዲስ የጨርቅ መጋዘን ተከፍቷል።
"ታላቅ ቅናሽ" ይላል ሸራው፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ፣
"እስከ ሐሙስ ብቻ" ይላል፤ ሐሙስ ግን ስንቴ አለፈ።

ክሩን ይዤ ልውጣ ብዬ ገባሁ።
ክሩን ብቻ። ማርያምን።

በሩ ላይ ግን ቁልል አለ፣ ብጣሽ በኪሎ የሚሸጥ፣
ሳቲን ከሸራ ሲጋፋ፣ ዳንቴል ከሱፍ ሥር ሲያፈጥጥ፤
የሴቱ እጅ እስከ ክርኑ እንደ ሊጥ ቁልሉን ያቦካል፣
አንዱን ብጣሽ ሁለት ሰው ይዞ "ቀድሜ አየሁት" ይባባላል።
"ይሄ ለምን ይሆናል?" አለችኝ
አንዲት የአንጎለላ ሴት፣ ሐምራዊ ብጣሽ አንሥታ፤
"ለምንም" አልኳት።
"ርካሽ ነው እኮ" አለች፤ ሄደች ሦስቱን ገዝታ።

እኔስ መች ተሻልኩ።
ዚፕ አየሁ፣ አሥሩ በአምስቱ ዋጋ፣ ጥርሱ ቢጎድልም ግድ የለም፤
ቁልፍ አየሁ፣ የዓሣ ዓይን መሳይ፣ የሚተከልበት ልብስ የለም፤
ላስቲክ፣ ገበር፣ የትከሻ ስፖንጅ፣ ለማን ትከሻ እንደሆን እንጃልኝ፣
ወርቃማ ጥለት ሁለት ጥቅል፣ አንዲት ሙሽራ ሳታዘኝ።

ጣቃ ዘርግቶ በእንጨት ሜትር አንድ ልጅ ገበሩን ይለካል፣
("ማንደፍሮ" ይላል ደረቱ ላይ) እጁ ከአፉ ይፈጥናል።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እኔ በክንዴ ተከተልኩት፤
ሠላሳ ዓመት አገር ያለበሰ ክንዴን ነው ያመንኩት።
በየሜትሩ ሁለት ጣት ጎደለ።
ደግሜ ለካሁ። ጎደለ።
"ማንደፍሮ" አልኩት በቀስታ፣ ሌላው ገበያተኛ እንዳይሰማ፣
"ቅናሹ ከዋጋው መስሎኝ፣ ከሜትሩ ላይ ነው ለካማ።"

ፊቱ ቀላ። እንጨቱን ገልብጦ የተጋዘ ጫፉን አሳየኝ፤
"እኔ አይደለሁም የቆረጥኩት፣ ስቀጠርም እንዲሁ ነው" አለኝ።
በአንድ እጁ የኮቱን ደረት ይዟል፤
ቁልፉ ወልቆ ብርዱ ይገባል።
ባለቤቱ ወዲያ ጥግ፣ ሻይ አስቀምጦ ሒሳብ ያሰላል።
አፌ ሊጮህ ተከፍቶ ነበር፤ እጄ ቀደመኝና ከኮሌታዬ ሥር ገባ።
"ቁም" አልኩት። ከገዛሁት ቁልፍ አንዱን ተከልኩለት፣
አንገቱን አራት ዙር ጠምጥሜ አጠበቅሁለት፤
እሱም ዝም ብሎ፣ ዓይኑን ከባለቤቱ ሳይነቅል፣
በየሜትሩ ሁለት ጣት መለሰ፣ አንዳንዴ ሦስት ሲቀጥል።
ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

ጣርማ በር ጉም ለብሶ ቆየን፤ አውቶቡሱ ዋሻው ውስጥ ሲገባ
ፌስታሌን በጨለማ ዳበስኩ።
ዚፕ። ቁልፍ። ላስቲክ። ጥለት።
ሰማያዊ ክር፣ ሦስቱ በአንዱ ዋጋ የተገዛ።
ጥቁሩስ?
ጥቁር ዋሻው ብቻ ነው።
የክፉ ቀኗም ክንድ ማንደፍሮ ደረት ላይ ቀርታለች።

ምን ላድርግ፣ በሰማያዊው ቀመቀምኩት፣ ስፌቱን እያደቀቅሁ፣
"ከል የሚታየው ከላይ ነው" እያልኩ ለብቻዬ እየሳቅሁ።
ንጋት ላይ እማማ መጡ። ቀሚሱን ወስደው ገለበጡት፣
ዘርፉን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው መስኮቱ ጋ አስጠጉት።
ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣
"በሰማያዊ ክር" አሉኝ፣ "ከል ሰፍተሽ?
በይ እንግዲህ፣ ከዋጋው ላይ ዝቅ።"